ከታኅሣሥ በፊት የነበሩት አቶ ገርማሜ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ተረት ከአምቦ እስከ ባኮ ባሉት ከተሞች ያልሰማ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። ተረቱ በቀልድ ይነገራል፤ ሰሚውም ይስቃል። ዳሩ ግን በቀልዱ ውስጥ ስለ ሹመት ያለን እምነት ሁሉ አለ፤ ይኸውም ሹመት ድግስ ነው፣ ድግስ ደግሞ ያልቃል፣ ስለዚህ ሳያልቅ መጕረስ ነው የሚለው እምነት ነው። ይህን ተረት ገልብጠው የኖሩ አንድ የአውራጃ ገዢ በአገራችን ነበሩ። በሶዶ ተሹመው አልበሉም፤ አበሉ። ከዚያ የተነሡትም ስላበሉ ነው።

ስለ አቶ ገርማሜ ንዋይ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ 1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነው። በመኝታ ቤቶቻችን የሚደረገውም ክርክር ያው ነው፤ ገሚሱ ጀግና ይላቸዋል፣ ገሚሱ የቸኰሉ ሰው ይላቸዋል፣ ሌሊቱም በዚሁ ይነጋል። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች የሰውየውን ታሪክ ከመጨረሻው ገጽ ጀምረው የሚያነቡት ይመስለኛል። ከዚያች ሳምንት በፊት አቶ ገርማሜ የጽሕፈት ቤት ሰው ነበሩ፤ ባለጉዳይ የሚቀበሉ፣ ለበላይ የሚጽፉ፣ ማኅተም የሚመቱ። በመጪው ሐምሌ ከዚህ ግቢ ወጥተን በጊንጪ፣ በጉደር፣ በጌዶና በጀልዱ ጽሕፈት ቤቶች ውስጥ የምንቀመጥ ሰዎች ከእርሳቸው የምንማረው ነገር ቢኖር ከጠመንጃው ሳይሆን ከዚያ ወንበር ነው። ጠመንጃውን የያዙት ለጥቂት ቀናት ሲሆን በወንበሩ ላይ የተቀመጡት ግን ለዓመታት ነው።

አቶ ገርማሜ በ1916 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ንዋይ ይባሉ ነበር፤ ቤተሰቡም ከታወቁት የሸዋ ሞጃዎች የሚዛመድ ነው። ታላቅ ወንድማቸው ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በኋላ የክብር ዘበኛ አዛዥ ሆነዋል። እንግዲህ ሰውየው ከድኻ ጎጆ የወጡ አይደሉም፤ ዝም ብለው ቢቀመጡ ሹመቱም ርስቱም ሊመጣላቸው ይችል ነበር። በኮተቤው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረው ወደ አሜሪካ ተላኩ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የማስተርስ ዲግሪ ተቀበሉ።

የጥናታቸው ርእስ ብዙ ጊዜ በችኰላ የሚታለፍ ነገር ነው። ስለ ኢትዮጵያ አልጻፉም፤ በኬንያ ስለ ነበረው የነጭ ሰፋሪዎች ፖሊሲ ጻፉ። ጊዜው ኪኩዩዎች በተወሰደባቸው መሬት ምክንያት የተነሡበት፣ እንግሊዞችም በ1952 (እ.ኤ.አ.) የአስቸኳይ ጊዜ ያወጁበት ወቅት ነበር። አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ በኒውዮርክ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ገበሬ ከመሬቱ ሲነቀል ምን እንደሚሆን ሲያጠና፣ ልቡ ወደ አገሩ ጭሰኛ ሳይሄድ ቀርቷል ብዬ ማመን ያስቸግረኛል። ጥናቱ የኬንያ ነው፤ ጥያቄው ግን በማንኛውም የጭሰኛ አገር የሚሠራ ነው።

በ1954 (እ.ኤ.አ.) ወደ አገር ተመለሱና በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥራ ያዙ። የቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ከውጭ አገር የተመለሱ ወጣቶችን እየሰበሰቡም ያወያዩ ነበር። ከዚህ በኋላ በ1940ዎቹ መጨረሻ የወላይታ አውራጃ ገዢ ሆነው ወደ ሶዶ ተላኩ። ያ ጊዜ መንግሥት ጠያቂውን የተማረ ሰው ከዋና ከተማ ማራቅ የሚወድበት ጊዜ ነበርና አንዳንዶች ይህንን ሹመት ራሱን የግዞት ታናሽ ወንድም ያደርጉታል።

ወላይታ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረ፣ ሕዝቡ በጠባብ መሬት ላይ ተጨናንቆ የሚኖርበት አገር ነው። ከምኒልክ ዘመቻ በኋላ ብዙው መሬት በሹማምንትና በባለርስቶች እጅ ገብቶ ነበር፤ አራሹ ጭሰኛ ነው። በአንድ በኩል ባለቤቱ ያላረሰው መሬት ጦም ያድራል፤ በሌላ በኩል የሚያርሰው ያጣ ገበሬ ጦሙን ያድራል። አቶ ገርማሜ ይህንን አይተው ያልታረሰውን መሬት መሬት ለሌላቸው ሰዎች አከፋፈሉ። መንገድና ትምህርት ቤትም እንዲሠራ ሕዝቡን አስተባበሩ። ነገሩ ዛሬ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሆኖም በዚያን ጊዜ በአንድ አውራጃ ገዢ ፊርማ የባለርስት መሬት ለጭሰኛ መስጠት ማለት የመንግሥቱን ምሰሶ በእጅ መነቅነቅ ነበር፤ ምክንያቱም ያ መንግሥት የቆመው ሹመትን በመሬት፣ መሬትንም በታማኝነት በመክፈል ላይ ነው።

ባለርስቶቹ ዝም አላሉም። አቤቱታቸውን ይዘው ወደ ቤተ መንግሥት ሄዱ፤ አቶ ገርማሜም ተጠርተው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረቡ። እንደሚተረከው የመልሳቸው ፍሬ ነገር ቀላል ነበር፤ ሰዎቹ ተርበው መጡብኝ፣ መሬቱም ባዶውን ተቀምጦ ነበር፣ ገዢያቸው ነኝና ሰጠኋቸው የሚል ነው። ልብ እንበል፤ ሰውየው ስለ አብዮት አልተናገሩም፤ የፈረንጅ ፍልስፍናም አልጠቀሱም። ያነሡት የገዢን ግዴታ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ተደረጉ? አልታሰሩም፤ አልተከሰሱም። ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ ያለው በዚህች ቃል ውስጥ ነውና። ዝውውር በአገራችን አስተዳደር ውስጥ ካሉት ቅጣቶች ሁሉ ለስላሳው ነው። ሰውን ለመሻር ምክንያት ያስፈልጋል፤ ምክንያት ከተጻፈ ክርክር ይመጣል፤ ክርክር ከመጣ ደግሞ ሰውየው ትክክል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለማዛወር ግን ሁለት መስመር ደብዳቤ ይበቃል። «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ከተባለ ማን ምን ይላል? እንዲያውም ዘመድ ተሰብስቦ «ሹመት ያዳብር» ሊል ይችላል። ተዛዋሪው ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፤ መንገዱ በግማሽ ይቀራል፤ ተተኪው መጥቶ የራሱን ነገር ከሀ ይጀምራል። በዳይ የለም፤ ተበዳይም ያለ አይመስልም።

ተበዳዩ ግን አለ፤ እርሱም ገበሬው ነው። እኔ ባደግሁበት የምዕራብ ሸዋ ከተማ አጠገብ አንድ የመስኖ ቦይ አለ፤ የቦታውንም የሰዎቹንም ስም ማንሣት አያስፈልግም። አንድ የእርሻ ባለሙያ ገበሬዎቹን አሳምኖ በእጃቸው አስቈፍሮት ነበር። ወንዙ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ባለሙያው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ሰው ስለ ቦዩ የሚናገር አንድ ወረቀት እንኳ አላገኘም፤ ስለዚህም አልቀጠለውም። ዛሬ በቦዩ ውስጥ የሚሄዱት ፍየሎች ናቸው። ገበሬዎቹ ሌላ ቦይ ቈፍሩ ቢባሉ እሺ እንደማይሉ ነግረውኛል፤ ደግሞስ ስለ ምን እሺ ይበሉ? ደግ ሹም እንደ በልግ ዝናብ ነው፤ ቢመጣ ጥሩ፣ ባይመጣም እህሉን በእርሱ ተማምኖ የሚዘራ የለም።

ወደ ጅጅጋ እንመለስ። አቶ ገርማሜ እዚያ ያገኙት ሕዝብ አርብቶ አደር ሶማሌ ነው፤ ችግሩም እርሻ ሳይሆን ውሃ ነው፤ ጕድጓድ፣ ሐኪም ቤት፣ ትምህርት ቤት። ጊዜውም ጭንቅ ነበር፤ ከድንበሩ ማዶ የሶማሊያ ሪፐብሊክ በሰኔ 24 ቀን 1952 ዓ.ም. ነጻነቷን አወጀች። አንድ አስተዋይ መንግሥት በዚያች ዓመት ከሁሉ አስቀድሞ ለጅጅጋ ውሃ በሰጠ ነበር። አዲሱ ገዢ ይህንኑ ለበላይ አካል አመለከቱ፤ የሚበቃ መልስ ግን ሊያገኙ አልቻሉም። በሶዶ ሥልጣኑን ተጠቅመው ተከለከሉ፤ በጅጅጋ ደግሞ የሚጠቀሙበት ገንዘብ አጡ። ከዚህ በኋላ ፊታቸውን ወደ ወንድማቸው ጦር አዞሩ።

የታኅሣሡን ነገር ሰው ሁሉ ያውቀዋልና በአጭሩ አልፈዋለሁ። ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጕብኝት ላይ ሳሉ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ማታ የክብር ዘበኛ ተነሣ። በማግሥቱ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በሬዲዮ ያነበቡት መግለጫ አዲስ ነጻ የወጡት የአፍሪካ አገሮች ቀድመውን መሄዳቸውን ጠቀሰ፤ እርሳቸውም እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በደመወዝ እንደሚያገለግሉ ገለጸ። ታኅሣሥ 6 ቀን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በሰልፍ ወጥተው ድጋፋቸውን አሰሙ። የጦር ሠራዊቱና አየር ኃይሉ ግን ከዙፋኑ ጋር ቆሙ። አመፁ መሸነፉ ሲታወቅ በቤተ መንግሥቱ አረንጓዴ ሳሎን ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች ተረሸኑ፤ ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድና ሌሎችም ሞቱ። አቶ ገርማሜ ታኅሣሥ 15 ቀን በሞጆ አቅጣጫ ተከበው ሞቱ፤ ሬሳቸውም በአዲስ አበባ ለሕዝብ እይታ ተሰቀለ። ጄኔራል መንግሥቱ ቈስለው ተያዙና ፍርድ ቤት ቀርበው መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ።

ስለ አረንጓዴው ሳሎን የማስበውን ሳልደብቅ ልናገር። እጁ የታሰረን ሰው መግደል በማንም ቢሠራ ያው ነው፤ ሥራውን የሠራው ለጭሰኛ ያሰበ ሰው መሆኑ አያስተካክለውም። «የተማረ ይግደለኝ» የሚባለው አባባል በዚያ ክፍል ውስጥ ቃል በቃል ደረሰ። ያም ልማድ ሆኖ ቀረ፤ ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ባለሥልጣኖችና መኰንኖች ያለ ፍርድ ሲረሸኑ፣ ገዳዮቹ የራሳቸውን ታሪክ የሚጀምሩት ከዚያው ታኅሣሥ ነበር።

ነገር ግን ከዚህም ሌላ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። በታኅሣሡ ሳምንት አመፁ ሁሉ በአዲስ አበባ ተጀምሮ በአዲስ አበባ አለቀ። የወላይታ ገበሬ የት ነበር? መሬት ያገኘው ሰው ባለውለታው ሲሸሽ አልሰማም፤ ቢሰማም የሚያደርገው አልነበረውም። በአንድ ደግ ገዢ እጅ የተሰጠው ነገር በማኅበር አልተያዘም፣ በሕግም አልጸናም። አቶ ገርማሜ ለሕዝቡ ሠሩለት እንጂ ሕዝቡን ይዘው አልሠሩም። ይህን ስል በእርሳቸው ላይ መፍረዴ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ማኅበር ማቋቋምም ራሱን የቻለ ወንጀል ሊሆን ይችል ነበርና። ሆኖም ለሶዶው ሥራ በቂ ያልሆነው ነገር ለአዲስ አበባውም በቂ አልሆነም፤ በሁለቱም ቦታ አንድ ብርቱ ሰው ከላይ ሆኖ ለታች ወሰነ። የወላይታም ሆነ የእኛ የጅባትና ሜጫ ጭሰኛ ከጭሰኝነት የወጣው ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ከተሰለፉ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 31 ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «እንግዲያውስ መታገሥ ነበረባቸው» ይላሉ። ትዕግሥት ጥሩ ነው፤ ግን ትዕግሥት መቆሚያ መሬት ይፈልጋል። ለምሳሌ ያህል ሩቅ አገር ያሉ አንድ ሹም ላንሣ። ሄርበርት ኩምስ የሚባሉ አውስትራሊያዊ የባቡር ጣቢያ ሹም ልጅ ነበሩ፤ መምህር ሆነው ጀመሩ፤ በለንደን ተምረው የኢኮኖሚ ዶክተር ሆኑ። በጦርነቱ ጊዜ የሠራተኞች ፓርቲ መንግሥት ከጦርነት በኋላ ለሚደረገው አገር ግንባታ ዋና ሹም አደረጋቸው፤ በ1949 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ደግሞ የመንግሥቱን ባንክ ገዢነት ሰጣቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ያ ፓርቲ በምርጫ ተሸነፈ። ተቃዋሚው ሚስተር ሜንዚስ ሥልጣን ሲይዙ የቀድሞው መንግሥት ሰው ናቸው ብለው ኩምስን አላባረሩም፤ አላዛወሩምም። በ1960 መጀመሪያ የአውስትራሊያ ማዕከላዊ ባንክ ሲቋቋም የመጀመሪያው ገዢ እኒሁ ሰው ሆኑ፤ እስከ 1968 ድረስም ቆዩ። በዚያችው በ1960 በመጨረሻው ወር አቶ ገርማሜ በሞጆ አቅጣጫ ተከበው ይሞቱ ነበር።

ይህን የጠቀስሁት አውስትራሊያ ገነት ናት ለማለት አይደለም። ያ መንግሥት የጥንቶቹን ባለአገሮች የአቦርጂኖችን መሬት ቀምቶ የተሠራ ነው፤ ኩምስ ራሳቸው ከባንኩ ከወጡ በኋላ ያለ ድካም የተሟገቱት ለእነርሱ የመሬት መብት ነው። ነገር ግን በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት የዕውቀት ወይም የልብ ልዩነት አይመስለኝም። አንደኛው ከአለቃቸው ጋር ቢለያዩ ከወንበራቸው በታች ሕግ ነበራቸው፤ ሌላኛው ከወንበራቸው በታች የነበራቸው የንጉሥ ፈቃድ ብቻ ነው። በእኛም አገር ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ ብዙም ሳይቆይ የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥርና ዕድገት በደንብ የሚያስይዝ ማዕከላዊ የፐርሶኔል ኤጀንሲ ተቋቁሟል። ጥሩ ጅምር ነበር፤ ይሁን እንጂ የአውራጃ ገዢነትን የመሰለው ሹመት እንደ ቀድሞው የዙፋኑ ስጦታ ሆኖ ቀረ።

ይህ ሁሉ ለአምቦ ምኗ ነው የሚል ቢኖር፣ አምቦ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ እንደ ነበረች ላስታውሰው። በዚያ ጽሕፈት ቤት ደጅ ኦሮሞው ባላገር በአስተርጓሚ ይናገር፣ አቤቱታውን በአማርኛ ያስጽፍ፣ መልስ እስኪመጣም ደጅ ይጠና ነበር። ቋንቋው ዛሬ ተስተካክሏል። ደጅ ጥናቱስ? በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ወጣቶች የሞቱበት የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጉዳይ የመሬት ጉዳይ ነበር። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ ተጀምሮ አገር ያዳረሰው ተቃውሞም የተነሣው ከመሬትና ከደን ነው፤ ፕላኑም የተሰረዘው በዚያው ዓመት በጥር፣ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ፤ ነገሩ ወደ አደባባይ ሳይወጣ በፊት በየወረዳው ወረቀቱ በእጁ ያለፈ፣ «ይህ አይሆንም፤ ሕዝቡን እንጠይቅ» ብሎ በጽሑፍ ያስቀመጠ አንድ ሠራተኛ ኖሮ ይሆን? ከነበረስ የት ተዛወረ?

በሐምሌ የምንመረቀው ልጆች ብዙዎቻችን ይህ ዕጣ ይደርሰናል። በመማሪያ መጽሐፎቻችን ውስጥ ስለ ቢሮክራሲ የጻፉ ጀርመኖች አሉ፤ የሶዶው ገዢ ግን የሉም። ስለዚህ አንድ ነገር ለማኅበራችን ላመልክት። ወደ ሥራ የሚሄዱት ተመራቂዎች በገቡ በመጀመሪያው ወር ከቀድሞው ሠራተኛ ምን እንደ ተረከቡ ለዚህች ጋዜጣ ይጻፉልን፤ የተጀመረ ቦይ፣ ያልተመለሰ አቤቱታ፣ ያልተዘጋ መዝገብ፣ ወይም ባዶ መሳቢያ፣ ያገኙት ሁሉ ይጻፍ። ሲዛወሩም ለተተኪው ያስረከቡትን ዝርዝር አንድ ግልባጭ ለቀበሌው ሽማግሌዎች በፊርማ ይስጡ፤ ይህን የሚከለክል ሕግ አላየሁም። የጋዜጣው አዘጋጆች ከፈቀዱ ከመስከረም ጀምሮ ለዚሁ የሚሆን አንድ ገጽ ይከፈት፤ ስቴንስሉን የሚጽፍ ሰው ከጠፋ እኔ እጽፋለሁ።